ሙጬ ይዘገያል

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣
አሥራ ሰባት ወንበር፣ አንድ ሰው፣ አንድ ክራር፣
እግሬ ሥር ጥቁር ሣጥን፣ ከሠርግ ባንድ የተረፈ ሉፐር።
ሦስት መርገጫ አለው፤ አንዱ ጉጡ ወልቆ
አንማው ተካበት የአምቦ ውኃ ቆርኪ፣ በሙጫ አጣብቆ።
ጊዜ የሚሾረው በዚያች ቆርኪ ነው።

መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ የክራሩን ገበታ በጣት አንኳኳሁት፣
አንዴ ረግጬ ለሣጥኑ አፉን ከፈትሁለት፤
አራት ቆጥሬ ዘጋሁ።
ሰማው። ያዘው። መለሰው።
የሰጡትን ሁሉ እንደ በሬ ያመነዥካል፣
አይውጥም፣ አይተፋም።

በላዩ ባቲን ደረብሁ፣
በላዩ የብርጭቆ ጫፍ፣
በላዩ ማዶ የሚያልፍ የጀልባ ሞተር፣ ሳይጠራ የገባ።
አንዲት ሴት ማይኩ አጠገብ ሳቀች፤
ሳቋም ገባ።
አሁን በየአራት ምቱ ትስቃለች፤
እሷ ግን ዝም ብላ ከቆሮሶዋ እሾህ ትለቅማለች፣
ሳቋን እንደ ሌላ ሰው ሳቅ እየታዘበች።

ዲሌዩ ከቴምፖው ጋር ታስሯል፤
አንድ ስል፦ አንድ፣ አንድ፣ አን፣ አ…
ልክ በልኩ፣ እንደ ሰልፈኛ፣
ፀጉር ታህል የማይዛነፍ፣
የማይደክም፣ የማይከፋው፣ የማይሰክር ጓደኛ።

ሙጬ እንዲህ አልነበረም።
ሙጬ ይዘገያል።
የከበሮው ምት እስኪደርስ
እኛ ማዶ ተሻግረን እንጠብቀው ነበር፤
እሱ ገና ታንኳውን ከደንገሉ ይፈታል።
«ምን ያስቸኩላል?» ይላል፣ «ውኃው እንደሆን የትም አይሄድ!»
(ይሄዳል ሙጬ። ጢስ ዓባይ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያም ይወድቃል።)

የተጣላነው በዚህ ነው፤ በገንዘብ አይደለም።
ሣጥኑን የገዛሁ ዕለት አየው፤ አላነሣውም፤
በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ
«ይኸ አያልበውም» አለኝ።
ከበሮውን አዝሎ ወጣ።
አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ከከተማ ዓባይ ማዶ፣
ከዓባይ ማዶ ከተማ፣ በድልድዩ እየተመላለሰ፤
ይኸም አንድ ዙር ነው።

ዛሬ እግሬ ሳተ።
ሁለተኛውን ልረግጥ ሦስተኛውን ረገጥሁ፤
ከሁለት ዓመት በፊት፣ ልምምድ ላይ፣
ሳልነግረው የቀዳሁት ከበሮ ወጣ።
ዱ
ም።
ከባቲው ኋላ፣ ከሳቋ ኋላ፣ ከሞተሩም ኋላ፣
ጠፍሩ የላላ፣
ዲሌዩ ያርመዋል፤ እሱ አይታረምም፤
በየዙሩ አንድ ጣት እየራቀ ይሄዳል።
አንማው ከሚክሰሩ ጀርባ አንገቱን በመዳፉ ቆረጠ፦ አጥፋው!

አላጠፋሁትም።
ጎንበስ ብዬ ቆርኪውን ያዝሁ፤
ሰዓቱን ወደ ሙጬ አዞርሁት።
ትንሽ ወደ ኋላ። ትንሽ። ደግሞ ትንሽ።
ሳቁ ወፈረ፣ የሽማግሌ ሳቅ ሆነ፤
ሞተሩ ጉማሬ ሆነ፤
ሐይቁ (ይኸን አንማውም ይመሰክራል)
ሐይቁ ብቻ ምንም አልተለወጠ፤
ቀድሞም በሙጬ ልክ ነበርና የሚመታው።

ጣቴ ያላጠናው ዜማ ብቅ አለና፣
እንደ አምባዛ ጀርባ አብረቅርቆ ጠፋና፣
ደግሜ ልይዘው ባጎነብስ የለም፤
እግሬ አልረገጠም ነበር፣ ማንም አልቀዳውም።

መብራት ሄደ።
ሣጥኑ ባትሪ የለውም፤ የያዘውን ሁሉ ለቀቀ።
«ኧረ ጄኔሬተር!» አለ አንዱ።
«ናፍጣ የለም» አለ ሌላው።
ጨለማ፣ አሥራ ሰባት ወንበር፣ የእምቦጭ ሽታ፣
እና ከመንገዱ በኩል፣ ከዋንዛው ሥር፣
መዳፍ፣ ቆርቆሮ ላይ።

ምናልባት አንድ ሹፌር ነው፣
ደንበኛ ቢቆይበት የባጃጁን ጎን የሚመታ።
ባሕር ዳር ስንት ባጃጅ አለ!

አንድ።
እጄ ክሩ ላይ፣ ትንፋሼን ይዤ
ሁለትን ጠበቅሁ።
ጠበቅሁ።
ሴትዮዋ እንኳ እሾህ መልቀም ተወች።

እሱ ቢሆን ነው፤
ዘገየ።